ከጥጉ የወጣው ፊደል

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1866

ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥዕሎቼ እንጨት ላይ በሚቀረጹበት በክለርከንዌሉ የቅርጽ ቤት፣ ሚስተር ለስክ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሙከራ ህትመት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ሥዕሉን አላየሁትም። ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ ታችኛው ጥግ ነው። «ሮ.ት.» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ «ጆ.ት.» ይላል።

ሮዳ ትራንተር እኔ ነኝ። ጆሳያ ትራንተር አባቴ ነው።

የእንጨት ሰሌዳውን አንሥቼ ጥፍሬን ጥጉ ላይ አስኬድኩት። ክብ ጠርዝ ነካኝ። በመሰርሰሪያ በስተው የኔን ፊደል አውጥተው፣ ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍ ደፍነው፣ ውታፉ ላይ የእሱን ቀርጸዋል። ቀራጭ ሲሳሳት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስህተቱን በስቶ ያወጣና በውታፍ ይደፍነዋል። «ት»ን አልነኳትም። እሷ የእሱም ናትና ምን ጥፋት አለባት? ከኔ ውስጥ ስህተት ሆኖ የተገኘው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ሚስተር ለስክ ሠላሳ ዓመት የቀረጹ፣ አፋቸው የማያርፍ ሽማግሌ ናቸው። «ማን አዘዘዎት?» አልኳቸው። «ዛሬ ጆሮዬ አይሰማም፣ ልጄ» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ጫፍ የዳቦ ሻጩ ደወል ሲቃጭል ከሁላችን ቀድመው ሰሙት።

ቤት ገብቼ ለአባባ ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለኔ ተናዶ ነው።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 5

ቸኩያለሁ። ጋሮድ ዘንድ ሄጄ ነበር። መጽሐፉን የሚያሳትመው እሱ ነው፤ ለገና የሚወጣ የባሕር ተረቶች መጽሐፍ፣ አርባ ሥዕሎች ያሉት። ጁላይ ላይ በዚህ መጽሐፍ ፊደሌ እንደሚወጣ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ዛሬ ቃሉ ቅድመ ሁኔታ ነበረው አለ።

«ሚስ ሮዳ፣ ሰው ለገና የሚገዛው ትራንተርን ነው። እርስዎም ትራንተር ነዎት። ታዲያ ምን ጎደለብዎት?»

አንድ ፊደል፣ አልኩት።

«አባትዎን ጠይቀዋል?»

አባቴን መጠየቅ አያስፈልገኝም አልኩት። ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ መንገዱን ሙሉ ተከትሎኝ መጣ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 9

አክስቴ ቃስያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አባባ ከላይ ተኝቷል። ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ምናልባት ተጽፎ ሳየው የት ላይ እንደተታለልኩ አገኘዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት በማርች አባባ ደረጃው ላይ ወደቀ። ሲነሣ ቀኝ ጎኑ ከሱ ጋር አልተነሣም። እጁ እንደ እርጥብ ጓንት ተንጠለጠለ፤ አፉ ግማሹ ብቻ ይናገራል። ጠረጴዛው ላይ ለማግሥቱ የሚፈለግ ግማሽ የተሣለ ሰሌዳ ነበር። ጨረስኩት። ማንም አላወቀም። ቀጣዩን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያንንም ማንም አላወቀም፤ ያን ቀን ኩራት ተሰማኝ። ሞኝ።

የሥዕል ትምህርት ቤቱ ለሴቶች በሚሰጠው ክፍል የነሐስ ሜዳልያ ወስጃለሁ። ሜዳልያውን ሲሰጡኝ ዳይሬክተሩ፣ ይህ ጥበብ የጨዋ ልጅ እስክታገባ ድረስ እጇን እንድታፍታታ ይረዳታል ብለው ነበር። ሙያውን የተማርኩት ግን ከአባባ ነው። እንጨት ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይሣላል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ፤ ሲታተም ይስተካከላል። ከጠረጴዛችን መስታወት የማይጠፋው ለዚህ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ተገልብጦ የተጻፈን ነገር እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አነብ ነበር። ቀራጩ ደግሞ መስመሬን ተከትሎ ሲቆርጥ ሥዕሉን ይበላዋል። ከሠራኋቸው ሥዕሎች አንዱም እጄ ላይ የለም። ሊቀረኝ የሚችለው ጥጉ ላይ ያለው ፊደል ብቻ ነበር።

አባባ የሚተኛው ከኔ ጠረጴዛ በላይ ባለው ክፍል ነው። ሁልጊዜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በዱላው ወለሉን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ከሆነ አምጪ ማለት ነው። ሰሌዳውን ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ጊዜ ከሆነ ተሳስተሻል ማለት ነው። ስህተቱን በዱላው ጫፍ ያሳየኛል፤ ተሳስቶም አያውቅም። ግራ እጁ እርሳስ አይችልም። ማንኪያም አይችልም፤ በቀን ሦስት ጊዜ የማጎርሰው እኔ ነኝ።

ጁላይ ላይ የጋሮድን ቃል ይዤ ሮጬ ወጥቼ ነገርኩት። ተኝቶ ነበር። ወይም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዝም አለ፤ ዝም ማለት መስማማት ነው።


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 18

ሃያ ሦስተኛው ሥዕል አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አልጋው ላይ ሆኖ ባሕሩን ሲያይ ነው። በዓሣ አጥማጁ ፈንታ አባባን ሣልኩት፤ ሌላ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ? ጋሮድ እስከ ዓርብ ብሎ ስላስጨነቀኝ መስታወት ሳልይዝ፣ ያየሁትን እንዳየሁት እንጨቱ ላይ አሳረፍኩት። ዛሬ ታትሞ ሲመጣ የተንጠለጠለው እጅ ግራው ሆኗል። ቀኙ ድኗል። ልጅ ሆኜ እንኳ ያልሠራሁት ስህተት!

ሚስተር ለስክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ሐኪሞቹን ሁለት ዓመት ያቃታቸውን አንቺ በአንድ ከሰዓት ጨረስሽው» አሉኝ። «እስቲ እኔንም ገልብጠሽ ሣይኝ፤ ይሄ የጉልበቴ ቁርጥማት ለአንድ ገና እንኳ ወደ ሌላኛው ይዙርልኝ።»

ለአባባ አሳየሁት። በዱላው ሁለቴ ያንኳኳብኛል ብዬ ስጠብቅ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በግራ ጣቱ የታተመውን ቀኝ እጅ ነካ። «ይሄኛው… ይሠራል» አለ። ወረቀቱን ልወስድ ስል ያዘብኝ። ግራ እጁ እንዲህ አጥብቆ መያዝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 27

ተጣላን። አይደለም፤ ተጣላሁት። ሰው ከግማሽ አፍ ጋር እንዴት እኩል ይጣላል?

በሃያ አራተኛው ላይ ፊደሌን ጥጉ ላይ እንደማላደርገው፣ ዓሣ አጥማጁ ደረቱ ላይ በጣለው መረብ ቋጠሮዎች ውስጥ እንደምጠልፈው ነገርኩት። ሊያወጡኝ ከፈለጉ ሰውየውን ደረቱን ይብሱት አልኩ። ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ቀጠልኩ። እንደገና ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዱላውን አስቀምጦ በአፉ ሞከረ፤ ለሱ ተራራ መውጣት ነው።

«ስሜን… ተይልኝ» አለ። «ሌላ… የለኝም።»

«ስምህማ አልጋ ላይ ከተኛ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የምሸከመው እኔ ነኝ» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ነገ አለስልሼ እንዳላስታውሰው ቃል በቃል ጻፍኩት። ደረጃው ላይ አክስቴ ቆማ ኖሯል። «አንቺ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣሽው ሜዳልያ ብቻ መስሎኝ፤ ለካ ቢላም ነው» ብላኝ ወረደች።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3

አባባ ሞተ። ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ነው ይላሉ። አክስቴ ሥጋ ቤት ነበረች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ዱላው ሲንኳኳ ሰምታለች። ስንት ጊዜ አልኳት። አልቆጠርኩም፣ ብዙ ነው አለችኝ።

እኔ ቅርጽ ቤት ነበርኩ። የሄድኩት መረቡ ውስጥ ያለው ፊደሌ አለመነካቱን ለማየት ነው።

አልተነካም።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ሃይጌት ቀበርነው። ዝናብ። ጋሮድ ባርኔጣውን አውልቆ ንግግር አደረገ። ጆሳያ ትራንተር በሕመሙ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ለመጪው ገና አርባ ሥዕሎቹን እስከ መጨረሻው አጠናቆ፣ እርሳሱን አስቀምጦ አረፈ አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሣሉት ሃያ አራት ናቸው።

ሚስተር ለስክ ከጃንጥላቸው ሥር ጠጋ ብለው፣ «አባትሽ ከሞቱ ወዲህ ነው የጠነከሩት» አሉኝ በለሆሳስ። «በደጉ ጊዜ በሳምንት ሁለት ነበር የሚሠሩት፤ ሰሞኑን ግን አሥራ ስድስት።»

ሳቄ መጣ። አባቴ መቃብር ላይ ሳቅሁ። ሰዎቹ ለቅሶ መሰላቸው፤ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ እጄን ጨበጠችኝ።

የመካነ መቃብሩ በር ላይ ጋሮድ አስቁሞኝ፣ አሥራ ስድስቱን ጥጋቸውን ባዶ ትቼ እንድሣል፣ ስለ ስሜ ደግሞ ከገና በኋላ እንደምንነጋገር ነገረኝ። እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። እጄ ሥራ ከፈታ የማልፈልገውን ነገር እንደምሰማ ፈርቼ ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ሃያ አራተኛውን አየሁት። መረቡ ላይ ትልቅ ውታፍ አለ፤ የሚስተር ለስክ እጅ ንጹሕ ስለሆነ ከኔ በቀር ማንም አያየውም።

ሌላ ነገር። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሃያ ሰባተኛውን እየሣልኩ ሳለ ከላይ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ተነሥቼ፣ ሰሌዳውን ይዤ፣ ደረጃውን እስከ ግማሹ ወጣሁ። እዚያ ላይ ነው ያስታወስኩት።

በመናፍስት አላምንም። በዚህ ከተማ በየሳሎኑ ጠረጴዛ ከበው ሙታን የሚጠሩ አሉ፤ ስሰማ እስቃለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ። ወርጄ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሥዕሉን በመስታወት አየሁት። የመርከቧ ምሰሶ በእርግጥም ጠማማ ነበር።

አቃናሁት።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 25

ሚስተር ለስክ ሠላሳ አንደኛውን ይዘው ጠበቁኝ። «ይሄ መስኮቱ ላይ የቆመው ሰውዬ ተረቱ ውስጥ የለም» አሉ። «ልቅረጸው ወይስ ልጥረገው?»

የቱ ሰውዬ አልኩ።

አሳዩኝ። በተረቱ ካለችው እናት ጀርባ፣ ከመስኮቱ ውጭ፣ ሽማግሌ ቆሟል። አንድ እጁን አንሥቷል። እንጨቱ ላይ ግራው ነው፤ ሲታተም ቀኝ ይሆናል። እንግዲህ የሣለው ሰው መስታወቱን አልረሳም። የጥላው አጣጣል የኔ ነው፤ ጨርቁን የማጠፍበትም መንገድ የኔ ነው። መቼ እንደሣልኩት አላስታውስም።

ልጥረገው ወይ ብለው እንደገና ጠየቁኝ። አይጠረግ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አይጠይቀኝ ማንም።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 1

አክስቴ ሻይ ይዛልኝ ገብታ አልወጣም አለች። ቆማ ታየኛለች። በመጨረሻ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ተረከዝሽን ብታሳርፊው ምን አለበት?» አለችኝ። «ከቀብሩ ወዲህ ወለሉን ስትመቺው ራሴን አዞርሽው።»

እኔ አልመታም አልኳት።

«ታዲያ ማን ነው፣ ድመቷ ናት?»

ስትወጣ ጫማዬን አውልቄ ሠራሁ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ምንም አልተሰማም። እግሬ በረደኝ። ዝምታው ከመንኳኳቱ ይልቅ ከበደኝ። ከሰዓት በኋላ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። ብርድ ስለሆነ ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6

ሚስተር ለስክ ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠብቀው አራት ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ከትምባሆ ቦርሳቸው አወጡ። «ጋሮድ ነው የሰጠኝ፤ ማጥፋት ነበረብኝ» አሉ። «እጄ እንቢ አለ።»

አነበብኩት።

«ለጋሮድ፤ የልጅቷን ፊደል አውጡት። የኔን አስገቡ። ሁሉም ላይ። እሷ አትወቅ። ጆ.ት. ኦገስት 20።»

ካነበብኩት በኋላ ነው ፊደሎቹ ሁሉ ተገልብጠው የተጻፉ መሆናቸውን ያስተዋልኩት። ዓይኔ ለምዶታልና ልዩነቱ አልታወቀኝም። ቀኝ እጁ የሞተበት ሰው በግራው ልጻፍ ሲል አንዳንዴ እንዲህ ይሆንበታል አሉኝ ሚስተር ለስክ፤ እጁ ከዚያኛው በኩል ይሄድና ጽሑፉ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ቦታ ቢሆን የሚያነበው ሰው ባልተገኘ። ቅርጽ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም እንደ ጋዜጣ አንብቦታል። ከኔ በቀር ሁሉም።

ስለዚህ ያ ግራ እጅ ይጽፍ ነበር። ኦገስት ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ በዚያው ቀን ሾርባ አጉርሼዋለሁ፤ አፉን ጠርጌለታለሁ።

«ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«በአባትና በልጅ መሃል ገብቶ ማን ያተረፈ አለ? በሕይወት ሳሉ የሳቸው ጉዳይ ነው አልኩ። ሲሞቱ ደግሞ ከእንግዲህ ምን ይጠቅማታል አልኩ።»

«ዛሬስ?»

መቅረጫቸውን አንሥተው አየት አደረጉትና መልሰው አስቀመጡት። «ያ ሰውዬ ሠላሳ አራተኛውም ላይ ቆሟል፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ ቀረጽኩት። በየጊዜው እየቀረበ ነው። አሁን ፊት ለፊት ያየኛል።»

ሠላሳ አራተኛው ላይ ሰው አልሣልኩም። ይህን አልነገርኳቸውም።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

አልሠራሁም። ክፍሉን ገለበጥኩት።

ፍራሹ ሥር፦ ወረቀት። ብዙ ወረቀት። መጀመሪያ ላይ የሚንቀጠቀጥ መስመር ብቻ። ከዚያ «ጆ.ት.»፣ «ጆ.ት.»፣ ገጽ ሙሉ፣ ሁሉም የተገለበጠ። ከዚያ ሥዕል። መርከብ። ዓለት ላይ የተቀመጠች ልጅ። መረብ። ወዲያው አወቅኋቸው፤ የኔ ናቸው። የሙከራ ህትመቶቼን እያየ ነው የሣላቸው። ልጅቷ ዓሣ ትመስላለች። በሚቀጥለው ገጽ ትንሽ ሰው ትመስላለች። በሰባተኛው አንገቷ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ እዚህ ታች ሁለት ዓመት የእሱን እጅ ስቀዳ ኖርኩ። እሱ ከላይ ተኝቶ የኔን ይቀዳ ነበር።

ሌባ ነው። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት። ሌባ ነው፣ ሌባ ነው። ገጾቹን እሳት ልጨምራቸው ይዤ ወረድኩ። እሳቱ ጠፍቶ ነበር። መልሼ አላቀጣጠልኩትም፤ ከሰል ማባከን ነው።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ሠላሳ ዘጠኝ ተጠናቀቁ። ከሠላሳ አምስት ወዲህ ያሉትን ለሚስተር ለስክ ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን መስኮት በማጉያ መርምሬያለሁ። ሁለት ጊዜ አግኝቼው በነጭ ቀለም ሸፈንኩት። ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ አላገኘሁትም። ያላገኘሁት ስለሌለ ይሁን ወይም ስለደከመኝ አላውቅም።

ጋሮድ እቤት መጣ። ለመግቢያው የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅቷል፦ እኔ ሮዳ፣ የሟቹ ብቸኛ ልጅ፣ አርባዎቹም ሥዕሎች በአባቴ እጅ የተሠሩ መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ የኔ ድርሻ እርሳስ መቅረጽና መስታወት መያዝ ብቻ ነበር። ከታች ለፊርማዬ ቦታ ትቷል። ስሜን በሙሉ እንድጽፍ ነው የሚፈልገው። በመጽሐፉ ውስጥ ሮዳ የሚለው ቃል የሚወጣው እዚህ ብቻ ነው፤ አለመኖሬን ለመመስከር።

አንባቢ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል አለኝ፤ አባትና ልጅ፣ የመጨረሻ ቀናት። እስከ ማክሰኞ ያስቡበት ሳይሆን፣ እስከ ማክሰኞ ይፈርሙት አለኝ። አርባኛውንም ያን ቀን ይወስዳል።


እሑድ፣ ኖቬምበር 18

አክስቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ልብሴን የምታጥፍ መስላ አጠገቤ ተቀመጠች። ፈርሚለት አለችኝ። ጋሮድ ፊቱን ካዞረ በዚህ ከተማ ማን ሥራ ይሰጥሻል፣ እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ልጥረግ ወይ አለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ እኮ ያን ስም የገነባው ከምንም ተነሥቶ ነው» አለችኝ። «ከሞተ ሰው ላይ ምን ትቀሚያለሽ?»

«እኔ ነኝ የተቀማሁት፣ አክስቴ።»

«አንቺ ሌላ መሥራት ትችያለሽ። እሱ አይችልም።»

ወጣሁ። ሰፈራችንን ኢዝሊንግተንን በጭጋግ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ለዚህ ዓረፍተ ነገር መልስ ላገኝለት አልቻልኩም፤ ስላላገኘሁለትም ተናደድኩ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

አርባኛው ሥዕል የመጨረሻው ተረት መዝጊያ ነው፦ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ባዶ የባሕር ዳር። አራት ቀን ፈጀብኝ። ቤት የለበትም፤ መስኮት የለበትም፤ በር የለበትም። የሚቆምበት ቦታ አልሰጠሁትም። በአሸዋው ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ማንም በመሰርሰሪያ ሊያወጣው በማይችል ትልቅ ፊደል፣ ሮዳ ትራንተር ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ማዕበሉ ጥሎት በሄደ እንጨት ነው ፊደሉ የተሠራው።

ጋሮድ በስምንት ሰዓት መጣ። ሰሌዳውን ብርሃን ላይ ይዞ አየው። ተገልብጦ ቢጻፍም ለማንበብ አልተቸገረም። ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ይሄ ቀልድ ነው፣ ሚስ ሮዳ?»

አይደለም አልኩት። በዚህ ስም ይወጣል፤ መግቢያውም ላይ አርባዎቹን የሣለችው እሷ ናት ይባላል፤ ካልሆነ ሰሌዳውም አይሄድም፣ ፊርማዬም አይኖርም። ወረቀቱን ሳልነካው ወደሱ ገፋሁት።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲናገር ድምጹ ተለውጦ ነበር። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ። አሥራ አምስት ሰሌዳ ላይ የሞተ ሰው ፊደል አለ። እጁ ያንቺ ነው። ነገ ወጥቼ፣ ይህች ልጅ በአባቷ ስም አጭበርብራኛለች ብል ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?»

እስከ ዛሬ ጋሮድን ከእርስዎ በቀር ብዬው አላውቅም።

«ተናገር» አልኩት። «እኔ ደግሞ አባቴ የሞተ ቀን የተሣሉት ሃያ አራት ብቻ እንደነበሩ እነግራቸዋለሁ። አንተ መቃብሩ ላይ ያደረግኸውን ንግግር የሰማ ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉንም ጨርሶ ሞተ ያልከው አንተ ነህ። ከሁለታችን ማን እንደዋሸ ይለዩ።»

ባርኔጣውን አነሣ። ሰሌዳውን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ መዳፌን ጣልኩበት። ሄደ። አክስቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 5

ወጥቷል። የመጻሕፍት መደብሩ መስኮት ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ቀይ ሽፋን፣ የአባባ ስም በወርቅ። ገብቼ መግቢያውን ቆሜ አነበብኩት። የልጅ ምስክርነት የለበትም። ይልቁንም ሠላሳ ዘጠኝ ሥዕሎች እንደሆኑ፣ አርባኛውን እንዳይጨርስ ሞት የታላቁን ሠዓሊ እጅ እንደያዘው ይተርካል።

ከመስኮቱ ፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ፣ እስከ መጨረሻው እጁ አለመድከሙ ይገርማል አለች። ሁለተኛዋ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄ በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ደስ አይለኝም» አለች፤ «እኛን እኮ ነው የሚያየው።» የተከፈተው ገጽ ሠላሳ ዘጠነኛው ነበር።

ቀርቤ አላየሁም። ቤቴ ሄድኩ።


እሑድ፣ ዲሴምበር 9

ሚስተር ለስክ አርባኛውን በገዛ ጊዜያቸው ቀርጸው ጨረሱልኝ። ትናንት የህትመቱን ናሙና ይዤ የሴቶች ሳምንታዊ መጽሔት ወደሚያሳትም አንድ ሰው ሄድኩ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ይህን ማን ሣለው አለኝ። አሸዋው ላይ ተጽፏል አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ አነበበው፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ሐሙስ ተመለሺ አለኝ። ሐሙስ ምን እንደሚል አላውቅም።

አክስቴ ለኔ የምትናገረው በድመቷ በኩል ነው።

ጋሮድም ደብዳቤ ልኳል። መጽሐፉ በደንብ እየሄደ ነው፤ ያለፈው አልፏል፤ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ «የአባትዎ ያልታተሙ ሥዕሎች» ይለዋል። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሁሉም እንደ ድሮው፤ ስለ ስሜ ደግሞ በበጋ እንነጋገራለን። መልሱን እዚህ ልሞክረውና ነገ በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ።

ሚስተር ጋሮድ፤ ያልታተመ የአባቴ ሥዕል የለም። ለሞተ ሰው ከእንግዲህ አልሣልም። ከገና በኋላ፣ በበጋ፣ ሲመቸን የሚል ቃል አልቀበልም። አንቺም ትራንተር ነሽ የሚል መልስ አልቀበልም፤ ያ የቤተሰቤ ስም ነው፣ እጄ ደግሞ የኔ ነው። ለትሕትናዬ የሚያመሰግነኝን ሰው አልቀበልም፤ ትሕትና ኖሮኝ አያውቅም፤ ዝም አሰኝታችሁኝ ነው።

እስከዚህ ያለው ለጋሮድ ነው። የሚቀጥለው አይላክም።

አባባ፣ አንተንም አልቀበልህም። ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር። አርባውንም እሰጥህ ነበር፣ በደስታ፣ አንድም ሳላስቀር። አልለመንከኝም። ሳይጠይቀኝ ከእጄ የሚወስድን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም፤ በሕይወት ያለም ይሁን የሞተ።